ፊታቸውን ወደ ነፋስ ያዞሩት ካፒቴን አምሐ መሸሻ

ልታጽናኑን የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ካፒቴን አምሐ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጻድቅ በ1931 ዓ.ም. በቡልጋ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ አስኮ መጥተው አጎታቸው ዘንድ እየኖሩ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ የሄሊኮፕተር በረራ ተምረው ዐሥራ አምስት ዓመት አገልግለዋል። በ1960 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ ፀዳለን አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። እኔ መኳንንትም የሄሊኮፕተር ቴክኒሺያን ስለ ነበርሁ ከኋላቸው ተቀምጬ አብሬያቸው በርሬአለሁ።

ካፒቴን አምሐ በችኮላ አያርፉም ነበር። አስቀድመው ማረፊያውን አንድ ጊዜ ዞረው ከጎጆዎቹ የሚወጣው ጭስ ወዴት እንዳዘነበለ ያያሉ፤ ሄሊኮፕተር ለማረፍ ሲያዘግም ነፋሱ ከፊት ከመጣ ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፉን ይደግፈዋል፣ ከኋላ ከመጣ ግን ድጋፉን ይነሣዋል፤ በደጋ አገር ከነሙሉ ጭነቱ ሲሆን ደግሞ ሞተሩ አይችለውም።

በ1972 ዓ.ም. አንድ ባለሥልጣን ይዘን ወደ ደጋ ወረዳ ስንሄድ፣ ባለሥልጣኑ ሕዝቡ ፊታቸውን እንዲያይ ለአቀባበሉ ከተሠራው መድረክ ትይዩ፣ አፍንጫችንን ወደ መድረኩ አድርገን እንድናርፍ አዘዙ። ነፋሱ ከጀርባችን ነበር። ካፒቴኑ ቢያስረዱም ሰሚ ስላጡ እሺ አሉ፤ ይህ ስሕተታቸው ነበር፣ ራሳቸውም አልካዱትም። ከተሰለፉት ተማሪዎች በላይ ሃያ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ክንፉ አየር አጥቶ ሄሊኮፕተሩ እየተንቀጠቀጠ ቁልቁል ይሰምጥ ጀመር። ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልቡልን ነበር። ካፒቴኑ ከሜዳው ጎን ወደ ነበረው ገደል ጠምዝዘው፣ በቁልቁለቱ ፍጥነት ካገኙ በኋላ ፊታቸውን ወደ ነፋስ አዙረው፣ ራቅ ብሎ ከነበረ የገብስ ማሳ አሳረፉን። አንድም ሰው አልተጎዳም፤ የሄሊኮፕተሩ ጅራት ግን በመድረኩ በኩል ሆነ።

ክሱ «ለአብዮቱ ጀርባውን ሰጠ» የሚል ነበር። መርማሪዎቹ ነፋስ መኖሩን የጠየቁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም እኔ ነኝ። ፈርቼ፣ ነፋስ አልነበረም ብዬ ፈረምሁ። እርሳቸው ሦስት ዓመት ታስረው፣ ከበረራ ተሰናብተው፣ ሳንሱሲ ሰፈር የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ «ነፋሱን እኔም አንተም እናውቀዋለን፤ ይበቃል» ብለው ምሳ አስቀረቡልኝ። ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት በ51 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው እናታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ፣ ልጆቻቸው ጤናዬ እና ሀብተሥላሴ ቀርተዋል።

ለእርሳቸው በቅቷቸው ይሆናል፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። የቀበሌ ሹማምንት በመካከላችን መኖራቸውን እያወቅሁ፣ በአስከሬናቸው ፊት እመሰክራለሁ፤ የዚያን ቀን ነፋስ ነበረ።

ነፋሳትን የሚያዝዝ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን፤ እኔንም ይማረኝ። አሜን።