ከጥቅም ውጪ የተባለው ማሽን

ጠጋኟ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ተንበርክካ የሕክምና ዕቃ መቀቀያውን ማሽን ብሎኖች አንድ በአንድ ታጠብቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ማሽን ነው።

«አንቺ ደግሞ መሬት ለመሬት ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ድምፅ ሰምታ ቀና ስትል አጎቷ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የዚሁ ጤና ጣቢያ ንብረት ኃላፊ ነበሩ፤ ዛሬ የመጡት ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ነው። ብብታቸው ሥር የሴት ልጃቸውን ቅጽ ይዘዋል። ልጅቷ ጥሩ ውጤት አምጥታ ሳለ ሙያ ማሠልጠኛ ካልገባሁ ብላለች። አባት ካልፈረመ አይቀበሏትም፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። እሳቸውም ሰዓቱ እስኪያልፍ ቅጹን ይዘው ሊዞሩ ከቤት ወጥተዋል።

እዚያ የሚገባው ውጤት ያነሰው ነው አሉ አጎቷ፤ ልጃቸው ግን ቢሮ ወንበር ላይ መቀመጥ አለባት። «የአንቺንስ እጅ እዪው፣ ግራሶ በግራሶ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ባለፈችው ነበር። ዛሬ ግን ደሟ ፈላ። ከማሽኑ እጀታ ላይ የታሰረውን ካርቶን አዞረችላቸው። «ከጥቅም ውጪ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ።

«ጋሼ፣ ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነዋ። በሕግ አግባብ ያስወገድኩት ነው። ሦስት ቃለ ጉባኤ አለው።»

«ሦስት ቃለ ጉባኤ ተጻፈለት፤ ክዳኑን ከፍቶ ያየ ግን አንድ ሰው አልተገኘም።» የደረቀ የጎማ ቀለበት ከኪሷ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረች። «በሽታው ይህ ብቻ ነበር። እንፋሎት ያሾልካል። ለወጥኩት፣ ሠራ።»

«በዚያን ጊዜ ባለሙያ ከየት ይምጣልን?»

«እኔም የምለው እሱን ነው። ጎበዙን እየከለከላችሁ፣ የወደቀውን እየላካችሁ፣ ከየት ይምጣ? ባለቤትዎ እትዬ ለዚያች ትንሽ ቀዶ ጥገና ግማሽ ቀን መኪና ላይ የተሰቃዩት፣ እዚህ ንጹሕ መቀስ ጠፍቶ አይደለም? የሚያዋርደው የቱ ነው፤ የልጅዎ እጅ መቆሸሹ ወይስ እናቷ መንገድ ላይ ማቃሰቷ?»

ሽማግሌው ቀለበቱን ቢያጥፉት ለሁለት ተሰበረ። ሰው ውስጡን ላላየው ነገር የሞት ወረቀት መፈረም ይቀለዋል።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኮ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይህ ማሽን ተጥሎ ሲኖር ስድስት ዓመት ማንም ምንም አላለዎትም። የሚያሳፍረውስ እሱ ነው።»

ከዚያ በለዘበ አንደበት አስረዳቻቸው። ሒሳቡም ፊዚክሱም እዚያ አለ፤ ልጅቷ ጭንቅላቷን ደጅ ጥላ አትገባም። ስትጨርስ ማመልከቻ ይዛ ደጅ አትጠናም፤ የተበላሸው ዕቃ ሁሉ እሷን ይጠብቃል። ልግፋበት ካለችም ከፍተኛ ትምህርቱ አይዘጋባትም።

«ግፊቴን ሳልለካ ጨመርሽብኝ» አሉና እስክሪብቶ ለመኗት። ቅጹን ማሽኑ ክዳን ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ካርቶኑንም ሳብ አድርገው የድሮ ፊርማቸውን ሰረዙ።

«ለዚህስ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም?» አለች።

«አንቺ ምስክር ነሽ» ብለው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ ተጣደፉ።

ጠጋኟ ካርቶኑን በጥሳ ጣለች። የቀረችውን አንድ ብሎን አጠበቀችና መፍቻዋን ጠርጋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች።