የሁለት ሰው መጋዝ

ሰው አናጢ ትዝ የሚለው ወንበሩ ሲሰበር ነው። እኔም ያን ቀን ጠዋት እግሩ የተነቀለ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ይመለሳል ስሄድ ከወንበሬ ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። በራቸው ላይ ግን አንዲት ወጣት ቆማ ታንኳኳለች። ከውስጥ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፤ የሚከፍት ግን የለም።

"የሉም እንዴ?" አልኳት።

"አሉ። እኔ መሆኔን ሲያውቁ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ እንጂ" አለችኝ። "የወንድማቸው ልጅ ነኝ።"

ይህን ስትል ነገሩ ገባኝ። የዛሬ ስንት ዓመት የአናጢው ታናሽ ወንድም ኮላ ሊያሞቅ ምድጃ ለኩሶ፣ ደጅ ወጥቶ ወሬ ይዞ ረሳው። የሁለቱ የጋራ ወርክሾፕ ከነእንጨቱ ነደደ፤ አራት ጥቁር ግድግዳ ብቻ ቀረ። ታናሽየው በዚያው ቀን ከከተማው ወጣ። አናጢው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ላጽናናቸው ሁሉ "የነደደው ይመለሳል" እያሉ ሲመልሱ፣ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ ጋሽ ይመለሳል ብሎ አስቀራቸው።

ክፋቱ ቃሉን በቃል ብቻ አለመተዋቸው ነው። ጣሪያ አልሠሩም። ቆርቆሮ ማልበስ ተስፋውን አለማመን ነው ብለው፣ በተቃጠለው ግድግዳ መሐል ሸራ ወጥረው ይሠራሉ። በዝናብ ጊዜ እንጨቱ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ያበጠውን ይገጣጥሙታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይኮማተርና ይላቀቃል። የእኔም ወንበር የዚሁ እምነት ሰለባ ነበር።

"መምህሩ ነኝ፣ ጋሼ" ብዬ ስጣራ በሩ ተከፈተ። ልጅቷም ከኋላዬ ገባች።

ሽማግሌው አዩዋትና ወደ መጋዛቸው ተመለሱ። የሁለት ሰው መጋዝ ነው፤ አንዱ እጀታ ግን ተቃጥሎ የለም። ብቻቸውን ሲገዘግዙ ያልተያዘው ጫፍ ይወዛወዛል፤ ጣውላውም ይንጋደዳል።

"አባቴ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጧል" አለቻቸው ቆማ። "ካልጠሩት ወደዚህ ሰፈር እግሩን አያነሳም። በቀትሩ አውቶቡስ ይመለሳል። ሳንባው ደክሟል አጎቴ፤ ሁለተኛ ይህን መንገድ የሚችለው አይመስለኝም።"

"ይሂድ። እኔ የምጠብቀው አለኝ።"

"ምን?"

"ነገረ መለኮት አጥንተሽ የለም? ነቢዩ ኢዩኤል አንበጣ የበላው ዘመን እንደሚመለስ ተናግሯል። ሐጌም የኋለኛው ቤት ክብር ከፊተኛው ይበልጣል ብሏል። እግዚአብሔር አይዋሽም። ይህ ቤት እንደ ነበረው ሲቆም ያኔ አባትሽ ይምጣ። ከዚያ በፊት ይቅር ካልኩት ተስፋውን መናቄ ነው።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ግንድ ስባ ተቀመጠች።

"ነቢያቱን ካነሱ አይቀር እስከ መጨረሻቸው እንሂድ" አለች። "የኢዩኤል ቃል መቼ ተፈጸመ?"

"ገና ነው።"

"ገና አይደለም። መንፈስ ቅዱስ በወረደ ቀን ጴጥሮስ ቆሞ፣ ነቢዩ የተናገረው ይኸው ነው ብሏል። የዚያን ቀን የማን ጎተራ ሞላ? አንዲት ፍሬ እህል አልተመለሰችም። ተናጋሪውን ግን ይዩት፤ ጌታውን አላውቀውም ብሎ የካደው ሰው ነው! ያ ሰው ተመለሰ። እግዚአብሔር መልሶ መስጠት ሲጀምር ከሰው ጀመረ።"

"የሐጌ ቤትስ?"

"ጌታ ይህን ቤተ መቅደስ አፍርሱት፣ አነሣዋለሁ ሲል የተናገረው ስለ ሥጋው ነው። ይህን የሚለው ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው፤ እኔ አይደለሁም።"

ሽማግሌው መጋዙን አስቀመጡ። "እናንተ የተማራችሁ የሚጨበጥ ነገር ስንጠይቃችሁ መንፈስ ትሰጡናላችሁ። የነደደብኝ እንጨት ነው፤ በእጄ የላግሁት እንጨት። ለተራበ ሰው ስለ ምግብ ቢያወሩለት ይጠግባል?"

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ፍርዴ ወደ ሽማግሌው አዘንብሎ ነበር። ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"የማይጨበጥ ነው ማን አለዎት? ከመቃብር የተነሣው የሚዳሰስ ሥጋ ነው፤ ዓሣ በልቷል። ፍጥረት ሁሉ የሚታደስበት ቀንም ገና ይመጣል፤ እሱን መጠበቅዎ ልክ ነው። ግን የተጀመረውን ከደጅ እየመለሱ የሚፈጸመውን መጠበቅ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ሰዎች፣ ይቤዠናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር እያሉ ሐዘናቸውን የነገሩት ለማን ነው? ለራሱ ለተቤዣቸው። አብሯቸው እየሄደ።"

"አባትሽ ቤዛ አይደለም። ያቃጠለ ሰው ነው።"

"ቤዛው አንድ ነው፤ እሱስ ልክ ነዎት። ግን በሕጉ የሚቤዠው ማን ነበር? የሥጋ ዘመድ። ክርስቶስ ሥጋችንን የለበሰው ዘመድ ሊሆነን ነው። በሩት ዘመን ከቦዔዝ የሚቀርብ ዘመድ ነበር፤ ርስቴ ይበላሽብኛል ብሎ መቤዠቱን ተወ። ስሙን ያውቁታል?"

"አልተጻፈም።"

"አልተጻፈም። ለርስቱ ሲሳሳ ስሙ እንኳ አልተረፈለትም። አባቴም ከእርስዎ የሚቀርብ ዘመድ የለውም።"

"አንቺ ልጅ፣ ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው?"

"ልወስድዎት ነው የመጣሁት።"

በዕድሜዬ ለሽማግሌ እንዲህ የመለሰ ወጣት አላየሁም። ቃሏ ሁሉ ግን በአንቱታ ነበር፤ ነውር የሚያወጡበት ቦታ አልተወችላቸውም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ አንተ ፍረድ። ሁሉም ሲነድ ይህ መጋዝ ብቻ ተረፈኝ። አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። መልአክ ነው ያወጣልኝ። ይህን ያወጣ አምላክ ሌላውን የማይመልስበት ምን ምክንያት አለ?"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ነከሰች። "አባቴ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አለች። "ያ መልአክ ሻይ ቤት ተቀምጧል።"

"ምን አልሽ?"

"አባታችሁ ለሁለታችሁ የሰጧችሁ መጋዝ ነው ብሎ እሳት ውስጥ ገባ። ብረቱ ግሎ ነበር። የመዳፉ ቆዳ እዚያው ላይ ቀረ፤ ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይዘረጉም። ሳንባውም የተነካው ያን ቀን ነው።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"በቁስሌ አልታረቅም፤ ይቅር ካለኝ እንዲሁ ይበለኝ ይላል።"

ጋሽ ይመለሳል ተቀመጡ። እጃቸውን በመጋዙ ብረት ላይ አሳረፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"ጌታ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት ነበረው?"

"ነበረው። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ጠባሳ ማጥፋት አቅቶት አይደለም።"

"እንደ ነበረው አልተመለሰም ማለት ነው።"

"ከነበረው በልጦ ነው የተመለሰው፣ አጎቴ። ከነምልክቱ።"

ሽማግሌው መጋዙን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። በሩን መዝጋት ረሱ። እኔም ወንበሬን ጥዬ ተከተልኳቸው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ወንድምየው ሲያያቸው ብድግ አለና እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ደበቀ። ሽማግሌው እጅህን አሳየኝ አላሉም። መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና፣ "በአንተ በኩል ያለው እጀታ ተቃጥሏል" አሉ። "ለጣቶችህ እንዲመች አድርጌ እሠራልሃለሁ። ተነስ፣ እንሂድ።"

"ቤቱስ?" አለ ታናሽየው።

"ጣሪያ የለውም። ጣሪያ እንሠራለን።"

አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። የቀትሩ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ ሄደ።

ትርፉን ለሚጠይቀኝ ሰው ያየሁትን እነግረዋለሁ። ዛሬ እዚያ ቤት ላይ ቆርቆሮ አለ፤ እንጨቱ ደርቆ ይሠራል፤ ወንበሬም አልተነቃነቀም። መጋዙ በሁለት ሰው ተይዞ ጣውላውን ቀጥ አድርጎ ይሰነጥቃል፤ ታናሽየው ቶሎ ስለሚደክመው ሁለቱም ያርፋሉ። የጠቆሩትን ግድግዳዎች ግን ሽማግሌው ቀለም አላስቀቡም። ተስፋ እጠብቃለሁ እያልክ በር የዘጋህ ሁሉ፣ አንኳኪው ማን እንደሆነ ተነስተህ እይ። ጌታ የተቤዠህ በቤትህ ጣሪያ አይደለም፤ በተወጉ እጆች ነው። ይህን ካመንክ ደግሞ ወንድምህን ደጅ ማቆም አትችልም።

በቀደም፣ ሰፈሩ ቅጽል ስማቸውን ሊተው ይገባል ብዬ ቀለድኩ። ሽማግሌው ከመጋዙ ቀና አሉ።

"ተዋቸው፣ ይበሉኝ። ገና ያልተመለሰ ብዙ አለ፤ እሱም ይመለሳል" አሉኝ። "አሁን ግን የምጠብቀው በሩን ከፍቼ ነው።"