ነጠብጣቡ የጠፋበት በሬ

ከዲመካ ወደ ጂንካ ስንሄድ ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያወሩ ነበር። አንደኛው ለትምህርቱ ጌም ሠርቷል፤ ነገ ለመምህራኑ ያሳያል።

«ግንባሩ ላይ ሦስት ነጠብጣብ ነበረው። አሁን የለም።»

«በሬ አይደል እንዴ? ማን ያየዋል?»

«አጎቴ ነዋ። ቀይ አፈር ከተማ ላይ ይሳፈራል፤ ነገ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጦ ሊያይ ነው። ጌሙ ውስጥ የሳልኩት የእሱን በሬ ነው፤ በድርቁ ሞተበት። አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ አጎቴን የሚጠራው በዚያ በሬ ስም ነው።»

«ታዲያ ነጠብጣቡን ምን በላው?»

«ኮምፒውተሩ። ጌሙ ውስጥ ባለው የኦሞ ወንዝ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ጨረር በጨረር ሲያሰላ አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ስዕሉን አሳንሶ ይሠራና መልሶ ያተልቀዋል። ሲያተልቅ የጎደለውን በግምት ይሞላል።»

«የሰው በሬ በግምት? ደፋር ነው።»

«አትቀልድብኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው ብርሃኑን አጥፋው።»

«ካጠፋሁት ወንዙ ጭቃ ይመስላል። ማርክ የሚሰጡኝ ደግሞ በእሱ ነው።»

«ኦሞ ራሱ መች ጠርቶ ያውቃል?»

«ይህን ለመምህራኑ ንገርልኝ።»

መኪናው ወደ ቀይ አፈር ተቃረበ።

«አጎትህን አየኸው? ያውና መንገድ ዳር ቆሟል። ቶሎ ወስን።»

«አጠፋሁት።»

«ወንዙስ?»

«አስቀያሚ ሆነ።»

«በሬውስ?»

«ሦስቱም አሉ።»

መኪናው ቀይ አፈር ቆሞ አጎትየው በርኮቶውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫውን፣ ይዞ ሲገባ፣ መውረጃዬ እዚያው ሆኖ ሳለ በሬውን ሲያይ ፊቱን ለማየት ብዬ ከወንበሬ አልተነሣሁም።