ካሚዮኑ የሚያድርበት ቦታ

በጣሊያን ጊዜ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ስሄድ፣ ከጀርባዬ ባልና ሚስት በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ባልየው የአንድ ጣሊያን መኮንን አሽከር መሆኑን ከወሬያቸው ተረዳሁ።

«ካሚዮኑን እንደ ቤት አሰናድቶታል፤ አልጋ ሳይቀር አስገብቶበታል» አለ ባልየው። «ሐይቁን እየዞረ ሊዝናና ነው።»

«ታዲያ አንተን ምን አለህ?»

«የምናድርበትን ቦታ ምረጥልኝ አለኝ። እሱ ግን ከዓባይ ማዶ ያለውን ጫካ ዳር ወዶታል።»

«እዚያማ ወንድሜ ከነጓደኞቹ ሸፍቶ ያለበት ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ! ሰው ይሰማል።»

«እሰየው፣ ውሰደው። ወንድሜ ይቀበለዋል።»

«ሚስቱና ልጁም አብረውት ናቸው።»

«ልጅ አለው?»

«ሴት ልጅ። የእኛን ትንሿን ታክላለች።»



«ተው፣ እዚያስ አትውሰደው፤ ወባ አለ በለው።»

«ባያምነኝስ?»

«ለልጅህ እፈራለሁ በለው፤ ያምንሃል።»

«ወንድምሽ ይህን የሰማ ቀንስ? እኔን ነው የሚገድለኝ።»

«አንተ ካልነገርኸው ማን ይነግረዋል?»

እኔም ጋቢዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ ጀልባው ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ የተኛሁ መሰልሁ።