ብድግ ማለት

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ መማር ጀምሬያለሁ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «አፕሪሺዬት» ብሎ ጻፈና ፍቺውን ጠየቀኝ። ማዳሜ አንዱን ሥራ ስጨርስ ይህንኑ ቃል ብላ ሌላ ታሸክመኝ ነበርና «ሥራ መጨመር ነው» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ አውካካብኝ። እሱም «ማድነቅ፣ ማክበር፣ ዋጋ መስጠት» እያለ ደረደረው።

በማግስቱ ልግባ ወይስ ልቅር እያልኩ በሩ ላይ ስደርስ፣ ሽማግሌው ዘበኛ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ አባባ፣ ለእኔ አይነሡ!»

«ደብተር ይዘሽ መጥተሽ? ለአንቺ ያልተነሣሁ ለማን ልነሣ ነው!»

ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ቀጥ ብዬ ገባሁና «መምህር፣ ከትናንቱ ፍቺ አንድ ቀርቷል፤ ብድግ ማለት» አልኩ። አሁንም ሳቁ። ሰሌዳው ላይ እስኪጽፈው ድረስ ግን አልተቀመጥኩም።