የማን መጫወቻ ነው?

ራቢያን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ሳስብ፣ አባቷ ጋሽ ሰይድ ወሬውን ሰምተው ድንገት ከደጎሎ እኔ ወዳለሁበት መካነ ሰላም መጥተው ቤቴን አንኳኩ። ስከፍትላቸው ምንጣፉ ላይ የተበተኑትን የፕላስቲክ ጡቦችና ከነሱ ገጣጥሜ የደረደርኳቸውን መኪኖች አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ልጁ የታለ?» አሉኝ። «የምን ልጅ ጋሼ?» «የዚህ መጫወቻ ባለቤት ነዋ! ልጅ ደብቀህ ነው ልጄን ልትጠይቀኝ ያሰብከው?» «ወላሂ የኔ ነው! እኔው ነኝ የምገጣጥመው» ስላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። «ይህን የሚያህል ጢም አውጥተህ?» ብለው ሊወጡ ዞሩ። ራቢያን የማግባት ተስፋዬም አብሯቸው ሲወጣ ታየኝ።

ሮጥ ብዬ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮዬን ከፈትኩላቸው። አዲስ መጫወቻ እየገጣጠምኩ ደግ ደጉንም ጉድለቱንም ለተመልካች የምናገርበት ነው። «ይህ ክሬን ያምራል፣ ግን ክሩ ቶሎ ይበጠሳል፤ ባትገዙት ይሻላል» ስል ሰሙኝ። «በገዛ ብርህ የገዛኸውን ታማዋለህ?» አሉ። «እንከኑን ከደበቅሁ የሚያምነኝ ሰው ይጎዳል፣ ጋሼ።» ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና፣ የጀመርኩትን አውቶቡስ ሳብ አድርገው «ይቺ ቀዩዋ የት ትገባለች?» አሉኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቦታዋን አሳየኋቸው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ስንደርስ ስልካቸው ጠራ። ራቢያ ናት፤ «አባዬ፣ እንዴት አገኘኸው?» ስትል ድምጿ ይሰማኛል። እሳቸው ዓይናቸውን ከጡቡ ሳይነቅሉ፣ «ደህና ልጅ ነው። አሁን ሥራ ላይ ነን፤ ቆይተሽ ደውዪ» ብለዋት ዘጉት።