የአቶ ነገሬ ሽጉጥና የተበሳው በርሜል

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከአየር ጤና ከፍ ብሎ በሚገኘው የቆዳ መጋዘን ግቢ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ባለመጋዘኑ አቶ ጀላል፣ ዘበኛው አቶ ነገሬ፣ የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይቱና፣ እንዲሁም ቆዳ ሲመዘን የምጽፈው እኔ ነበርን። በመካከላችን ወይዘሮ ዘይቱና ያስመጡት አንድ የውኃ በርሜል ቆሟል። በርሜሉ በሰው ደረት ትክክል በጥይት ተበስቷል።

ነገሩ የሆነው በዚያው ዕለት ጎሕ ሲቀድ ነው። የቆዳው ሽታ የሳበው ጅብ አጥሩን ጥሶ ገባ። አቶ ነገሬ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን መዘው ደጋግመው ተኮሱ። ጅቡ ሳይጣደፍ በገባበት ወጣ። ከጥይቶቹ አንዱ ግን አጥሩን አልፎ የወይዘሮ ዘይቱናን በርሜል በሳው። ወይዘሮ ዘይቱና ለስግደት ሲነሡ የሚታጠቡት ከዚያ በርሜል እየቀዱ ነው። ያን ዕለት ማንቆርቆሪያቸውን ረስተው ወደ ቤት ባይመለሱ ኖሮ በርሜሉ አጠገብ በቆሙ ነበር።

«እዩት!» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና ጣታቸውን በቀዳዳው ሰድደው። «ይኸ የእኔ ደረት ነበር። ጅብ ቢበላኝ እንኳ ጅብ ነው ይባላል። በጎረቤት ዘበኛ ጥይት ብሞት ለልጆቼ ምን ተብሎ ይነገራቸዋል?»

«ሽጉጡ ነው፣ እመቤቴ» አሉ አቶ ነገሬ። «አርጅቷል፤ ወደ ግራ ወደ ታች ይስባል። እኔማ ተኩስ በደሜ ነው። አያቴ ጎሽ ገዳይ ነበሩ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አያትዎ ይጠብቁልን!» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

አቶ ጀላል አልሣቁም። «አቶ ነገሬ፣ ታማኝነትዎን አላማም» አሉ። «ነገር ግን የሰው ነፍስ ከቆዳ ይበልጥብኛል። ሽጉጡን ያስረክቡኝ። እኔም ሌላ ዘበኛ ልፈልግ።»

አቶ ነገሬ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጉዲቱ ጋር የሚኖሩት በግቢው ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ማንን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

በዚህ መካከል የአቶ ጀላል የእኅት ልጅ አሥር አለቃ ሰይፈዲን አጎቱን ሊጠይቅ ድንገት ገባ። ሰይፈዲን አዲስ የሚገቡ ፖሊሶችን ተኩስ የሚያስተምር ወጣት ነው። የሆነውን ሰምቶ በርሜሉን ዞሮ ካየ በኋላ፣ «አጎቴ፣ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃቸው» አለ።

«አንተ ልጅ» አሉ አቶ ነገሬ፣ «እኔ ሽጉጥ ስታጠቅ እናትህ ገና አልታጨችም። ደግሞ አንተ ልትመረምረኝ?»

«ልመረምርዎ አይደለም ጋሼ፤ ልማር ነው። እስቲ በዚያ ሁሉ ዘመን የት የት ተኩሰዋል?»

«የት ያልተኮስሁበት አለ! በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በትልቅ ሰው ለቅሶ። እኔ ካልተኮስሁ ሠርጉ ሠርግ አይባልም ነበር።»

«ምን ላይ ተኮሱ?»

«ምን ላይ ማለት ምን ማለት ነው? ወደ ላይ ነዋ!»

«እንግዲህ ጋሼ» አለ ሰይፈዲን በትሕትና፣ «ሰማይን ስቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ከወጣትነትዎ ጀምሮ ማስጮኽን እንጂ መምታትን አልተለማመዱም።»

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ልበል። በሰፈራችን ብዙ ሰዎች ሽጉጥ አላቸው፤ ፈቃዱም በእጃቸው ነው። መሣሪያ መያዝንና መሣሪያ ማወቅን ግን አንድ አድርገው ያዩታል። ሽጉጡ ከፍራሽ ሥር ይተኛል፤ የሚወጣው ለደስታ ወይም ለድንጋጤ ነው። በድንጋጤ ሰዓት የሚወጣ እጅ ደግሞ የሚሠራው የለመደውን ብቻ ነው።

አቶ ነገሬ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ልምምድ ለልጆች ነው» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ ብለማመድ፣ ‹ነገሬ ለካ አያውቅም ነበር› ብዬ በሰፈሩ ማወጄ አይደለም?»

«አየር ጤና ላይ መኪና ሲሳፈሩ ነጂው፣ ‹አባቴ ነጂ ስለነበሩ ሳልለማመድ እነዳለሁ› ቢልዎ ይሳፈራሉ?» አለ ሰይፈዲን።

«ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«አያትዎም ጎሹን የገደሉት በደማቸው አይደለም። ጫካ ውለው፣ ጫካ አድረው ነው። እርስዎ የወረሱት ዝናውን ነው እንጂ ልፋቱን አይደለም።»

አቶ ነገሬ ጺማቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥለው፣ «ይሁን» አሉ፣ «ግን ጥይቱን በልምምድ ጨርሼ ጅቡን በድንጋይ ላባርር?»

«አብዛኛው ልምምድ ያለ ጥይት ነው።»

«ያለ ጥይት ተኩስ! ያለ ውኃ ዋና በለኛ!» ብለው አቶ ነገሬ ሣቁ። አቶ ጀላልም ፈገግ አሉ።

ያልሣቁት ወይዘሮ ዘይቱና ነበሩ። «እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነጠላዬን ለብሻለሁ» አሉ። «ነገር ግን ጉዲቱን ከቤቷ ማስወጣት አልፈልግም። ይህን በርሜል ውሰዱት፤ ከእንግዲህ ውኃ አይዝልኝም። ይለማመዱና በዓይኔ እያየሁ ይምቱት። ያቃታቸው እንደሆነ ሽጉጡንም ሥራውንም ይልቀቁ።»

አቶ ጀላልም እስከ ገና ጊዜ ሰጡ። ሽጉጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልምምድ ውጭ በአቶ ጀላል ካዝና እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ አቶ ነገሬ በዱላ ጠበቁ።

ሰይፈዲን ከጣቢያው ፈቃድ አውጥቶ፣ ከቀራንዮ በላይ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ በርሜሉን አቆመው። ጀርባው ወፍራም የአፈር ግድግዳ ነው። በመጀመሪያው ቀን አቶ ነገሬ ተኩሰው አፈሩን ብቻ አቦነኑት።

«ይኸው! ወደ ግራ ወደ ታች ሳበ» አሉ።

«ሽጉጡን ይስጡኝ፣ እኔ ላጉርስልዎ» አለ ሰይፈዲን። ጀርባውን ሰጥቶ ጥይትና ባዶ ቀለህ አደባልቆ አጎረሰና መልሶ ሰጣቸው። አቶ ነገሬ አነጣጠሩ፤ ምላጩን ሳቡ። አንዱ ጮኸ። ቀጥሎ ያለው ባዶ ቀለህ ኖሮ ቀጭ ብቻ አለ። ድምፅ የለም፣ ጭስም የለም፤ የሽጉጡ አፈሙዝ ግን ወደ ግራ ወደ ታች ዘጭ አለ። የአቶ ነገሬም ዓይኖች ጥርቅም ብለው ተጨፍነው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥይት አልነበረበትም» አለ ሰይፈዲን ቀስ ብሎ። «ታዲያ ሽጉጡን ማን ሳበው?»

አቶ ነገሬ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ትኩር ብለው አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ድምፁን ፈርቼ። ይህን ያህል ዘመን ስተኩስ ኖሬ ድምፁን እፈራለሁ!»

«ሁሉም ይፈራል። እኔም እፈራ ነበር። ፍርሃቱን የሚያወጣው መደጋገም ነው እንጂ ስድብ አይደለም።»

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ነገሬ፣ «በደሜ ነው» ሲሉ አልሰማሁም። ማታ ማታ ሰይፈዲን ሽጉጡን ከአጎቱ ተቀብሎ ይመጣል። ሁለቱም በየተራ ባዶ መሆኑን ያያሉ፤ ጥይቱ እዚያው ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። ከዚያ አቶ ነገሬ ሰው በማይኖርበት በኩል ባለው የመጋዘኑ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ያነጣጥራሉ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ስሙኒ ይቀመጣል። ሥራው ስሙኒው ሳይወድቅ ምላጩን አለስልሶ መሳብ ነው። በመጀመሪያ ስሙኒው መሬት ለመሬት ሲንከባለል አመሸ።

«ሰውዬ፣ ያ ግድግዳ ምን በደለህ?» እያሉ ወይዘሮ ጉዲቱ ያሾፉ ነበር። ውለው ሲያድሩ ግን ጎን ቆመው፣ «ዓይንህን ጨፈንህ! እንደገና!» የሚሉት እሳቸው ሆኑ። ከአሥር አለቃው ይልቅ እሳቸው ከበዱ።

ሰይፈዲን ሌላም ነገር ያስለምዳቸው ነበር። ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ጣት ከምላጩ ውጭ ይሁን፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳያዩ አይተኩሱ። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር አቶ ነገሬ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ወደ ወይዘሮ ዘይቱና አጥር ይጥሉ ነበር።

ለገና ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ወይዘሮ ዘይቱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ ነገሬ ቆሙ፤ ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ይዘው አነሡ። ትንፋሻቸውን ሲያሳርፉ አየሁ። አሁን ይተኩሳሉ ብዬ ጆሮዬን ያዝሁ።

አልተኮሱም። ጣታቸውን ከምላጩ አወጡና አፈሙዙን ወደ መሬት አወረዱ።

«ምነው?» አሉ አቶ ጀላል።

አቶ ነገሬ በአገጫቸው አመለከቱ። ከአፈሩ ግድግዳ በላይ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ትመጣ ነበር። ወገቧ ጎብጦ ስለነበር እኛን አላየችንም። ሰይፈዲን ደንግጦ ጮኸባትና አሳለፋት።

«ቀድሞ ማየት የእኔ ሥራ ነበር» አለ ተመልሶ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ ነህ ያስተማርኸኝ» አሉ አቶ ነገሬ።

ሰይፈዲን መንገዱ ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር ካየና ከተመለሰ በኋላ አቶ ነገሬ ተኮሱ። በርሜሉ ጮኸ፤ ደግሞም ጮኸ። አንዷ ጥይት ብቻ ስታ አፈር ገባች። አቶ ነገሬ ሽጉጡን አራግፈው ባዶነቱን ለሰይፈዲን አሳዩና ወደ ወይዘሮ ዘይቱና ዞሩ።

«አንዷን ስቻለሁ፣ እመቤቴ። ልዋሽዎት አልችልም።»

«እኔ የመጣሁት ሲመቱ ለማየት ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና ከድንጋዩ እየተነሡ። «ያሳመነኝ ግን ሳይተኩሱ የቀሩት ነው። ያችን ሴት እኔን አድርጌ አየኋት። አቶ ጀላል፣ ሽጉጡን ይመልሱላቸው።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም ልብ በል። የተለማመደ ሰው ጥይት አያባክንም፤ ስለማይደነግጥ አይቸኩልም፤ ስለማይቸኩል ጎረቤቱን አይገድልም። ዕድሜ ቢገፋም የእጅን ልማድ መለወጥ ይቻላል። የሚያሳፍረውም መለማመድ አይደለም፤ የጎረቤትን በርሜል በስቶ ሽጉጡን መክሰስ ነው። መለማመድ የማይፈልግ ሰው መሣሪያውን ለመንግሥት አስረክቦ ዱላ ቢይዝ ይሻለዋል።

በጥር ወር የወይዘሮ ዘይቱና ልጅ ሰብሪያ ተዳረች። ሙሽራው ሲገባ ከአጃቢዎቹ አንዱ አቶ ነገሬን አይቶ፣ «ጋሽ ነገሬ! እንደ ጥንቱ አንድ ሁለት ያሰሙን እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም እያጨበጨቡ ለመኑ።

«ጥይቱ የት እንደሚወርድ ንገረኝና እተኩሳለሁ» አሉት አቶ ነገሬ።

ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ዝቅ ብሎም በድንኳኑ ዙሪያ የሚሯሯጡትን ልጆች አየ። 

በዚያ ሠርግ አልተተኮሰም። አቶ ነገሬ በዘበኝነታቸው ቀጠሉ፤ አቶ ጀላልም ለወይዘሮ ዘይቱና አዲስ በርሜል ገዙላቸው።